ጥጃዋ፦ ከሱዙኪ ጂምኒ ጋር 17 ወር

ቁጥሩን ላስቀድም። ከሰኔ 2016 እስከ ኅዳር 2018፣ 17 ወር፣ 21,400 ኪሎ ሜትር። በዚህ ሁሉ ጊዜ የፎር ዊሉን ዘንግ (አራቱም ጎማ እንዲነዳ የሚያደርገውን) የነካሁት 23 ጊዜ ነው። መኪናው ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር አለችኝ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና ምክንያቱን እጽፍባታለሁ። ከ23ቱ ውስጥ "ባላስገባው ኖሮ አላልፍም ነበር" ብዬ የምምልባቸው ዘጠኙ ብቻ ናቸው። አራቱ እንግዳ ለማሳየት ነበር፤ አልዋሽም። የቀሩት ደግሞ ፍርሃት።

ታዲያ ለዘጠኝ ቀን ብሎ ይህን የሚያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ጤነኛ ነው? (ዋጋውን አልናገርም፤ ባለቤቴም የሚያውቀው በግምት ነው።) እኔም መልሱን ለማግኘት ነው ደብተሯን የጀመርኩት።

ከጂምኒዋ በፊት ቶዮታ ቪትዝ ነበረኝ። ስለ እሷ ክፉ አልናገርም፤ ልጆቼን አሳድጋልኛለች። ችግሩ ቤታችን ነው። ቱሉ ዲምቱን አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ እስከ በራችን 1.8 ኪሎ ሜትር ዋልካ አለ። ክረምት ሲገባ ጎረቤቱ ገንዘብ ያዋጣና ገረጋንቲ ያስደፋል፤ ያልቻለ የቤት ፍርስራሽ ይደፋል። ፍርስራሹ ጭቃው ውስጥ ይሰምጥና ጫፉ ብቻ ይቀራል። ቪትዟ በሁለት ክረምት ሁለት ጊዜ የዘይት ኮፓዋን ያስመታችው በዚያ ጫፍ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ዘይቱ ፈስሶ ሳላየው ሞተሩን ልጨርሰው ስል አንድ ባለ ጋሪ ነው ጮሆ ያስቆመኝ።

ስለዚህ የፈለግኩት ከፍታ ነበር። የጂምኒ ሆድ ከመሬት 210 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ ስንዝር ማለት ነው። ከ17 ወር በኋላ ሆኜ ሳየው ገንዘቤን በየቀኑ የመለሰልኝ ይህ ስንዝር እንጂ አራት ጎማ መንዳቷ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ "ፎር ዊል እፈልጋለሁ" ከሚለው ሰው አብዛኛው የሚፈልገው ስንዝሩን ይመስለኛል። ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ተቆፍሮ የተረሳ አስፋልት፣ ሌሊት ተሠርቶ ያደረ ቀለም የሌለው ጉብታ፤ እነዚህን ለማለፍ አራት ጎማ መንዳት አያስፈልግም። ይህ ብቻ ከሆነ ችግርህ፣ ከፍ ያለች ሁለት ጎማ የምትነዳ መኪና ትበቃሃለች፤ ነዳጅህንም ታተርፋለህ።

ሌላው ምክንያት የማይነገረው ነው። ጂምኒ ከቪትዝ ታንሳለች። ሰው አያምነኝም እንጂ ስፋቷ 1,645 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሸጥኳት ቪትዝ 1,695 ነበረች። በርዝመትም፣ ከኋላ የተንጠለጠለውን እስኮርታ ካልቆጠርነው፣ ታጥራለች። ሆኖም በቪትዝ ጊዜ ሳሪስ ላይ በየሁለት ደቂቃው አፍንጫዬ ሥር የሚገባው ሚኒባስ አሁን ይጠብቀኛል። ምን ተለወጠ? ሾፌሯ ያችው ሴት ናት። የተለወጠው የመኪናዋ ቁመትና አራት ማዕዘን ፊቷ ነው። ወንድ ሾፌሮች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ሴት ጓደኞቼ ግን አንዷም አልሳቀችም። ከፍ ብሎ መቀመጥ መንገዱን አርቆ ያሳያል ይባላል፤ እውነት ነው። እኛን ደግሞ ለመንገዱ ያሳየናል።

ክብሩ ግን ልክ አለው። የአጎቴ ልጅ ቪ8 ይዟል፤ እሱ ሆቴል በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል። እኔ ስደርስ "እዚያች ጥግ ትገባለች" ይለኛል። በ2017 መስቀል መጀመሪያ ጊዜ አገር ቤት ይዣት ስገባ አባቴ ዙሪያዋን ዞሮ አያት፣ ኮፈኗን መታ መታ አደረገና "እናቷ የት ቀረች?" አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟ ጥጃዋ ሆኖ ቀረ።

ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። ፎር ዊል የገዛ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ትምህርት የሚመጣው ተይዞ ነው። እኔ የተያዝኩት በቡሄ ዋዜማ 2016፣ ከቤቴ 400 ሜትር ላይ ነው። መኪናዋ ስትመጣ የነበረው ጎማ የአስፋልት ነበር። ዋልካን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የጎማውን ጥርስ በሁለት ዙር ይሞላውና ጎማው ክብ ሳሙና ይሆናል። ከሰመጥኩ በኋላ ነው ዘንጉን የሳብኩት፤ ነዳጅ ረገጥኩ፤ አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ በባዶ ሾሩ፤ ሁለቱ ዝም ብለው ቆሙ። "አራት ጎማ ነው አይደል የሚነዳው?" ብዬ ከመኪናዋ ጋር ተጣላሁ።

ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ዘንጉ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ያካፍላል፤ ከዚያ ወዲያ ግን በእያንዳንዱ ጥንድ ጎማ መካከል ኃይሉን ለግራና ለቀኝ የሚያካፍል ዲፈረንሻል አለ፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ወደሚቀለው ያደላል። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ከተንሸራተተ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። ጂምኒ ለዚህ መላ አላት፤ የሚሾረውን ጎማ በፍሬን ይዛ ኃይሉን ወደ ሌላው ትልካለች። ይህ ደህና አድርጎ የሚሠራው ግን ሎው (ቀስ ብሎ በብዙ ጉልበት የሚጎትተው የፎር ዊል ደረጃ) ሲገባ ነው፤ ሎው ለማስገባት ደግሞ ቆመሽ፣ ማርሹን አውጥተሽ ነው። እኔ ሃይ (ፈጣኑ የፎር ዊል ደረጃ) ላይ ሆኜ ነው የምጮኸው።

ያወጣኝ አጠገቡ የሚሠራ ፎቅ ዘበኛ ነው። መጥቶ መስኮቱን አንኳኳና "ልጄ፣ አትርገጪው፤ እየቆፈርሽ ነው" አለኝ። የተሰባበረ አጣና ከጎማዎቹ ፊት ደረደረልኝ። ሎው አስገባሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳልነካ ማለት ይቻላል፣ እየጎተተች ወጣች። ሰውየው መኪና ነድቶ አያውቅም። "በሬም ሲይዘው እንደዚሁ ነው፤ ሲደበድቡት ይተኛል" ብሎኝ ሄደ።

በሳምንቱ ጎማ ቀየርኩ። ጥርሱ ሰፋ ያለ፣ ጭቃውን የሚተፋ፣ ለአስፋልትም ለፒስታም የሚሆነውን። የ2017ን ክረምት ያንኑ መንገድ በዚያ ጎማ ስሄድ አንድ ቀን እንኳ አልተያዝኩም፤ ብዙውን ጊዜ ዘንጉንም አልነካሁትም። ገንዘብ ያጠረው ሰው ከፎር ዊልና ከጥሩ ጎማ አንዱን ምረጥ ቢባል ጎማውን ይምረጥ እላለሁ።

አንድ ሌላ ነገር። ይህች መኪና የመሃል ዲፈረንሻል የላትም። ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው ጥንድ ጎማ አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ ስትታጠፊ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ነው የሚሄዱት። ጭቃ ላይ ልዩነቱ በመንሸራተት ይወጣል። ደረቅ አስፋልት ላይ መውጫ የለውም። ታናሽ ወንድሜ "ጉልበት እንዲኖራት" ብሎ ከሰበታ እስከ ወሊሶ ሃይ ላይ አድርጎ ነዳት። ወሊሶ ለምሳ ስንታጠፍ መሪው እየነጠቀ፣ መኪናዋ እንደ ፈረስ እየሰገረች ገባን። ምንም አልተሰበረም፤ ወንድሜ ግን ቁልፉን ድጋሚ አላገኘም።

ስለ ጉልበት ካነሳን፣ ወረቀቱ ላይ 1.5 ሊትር ሞተር፣ 102 የፈረስ ጉልበት ይላል። ይህ በባሕር ወለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። ስለዚህ እኔ የምነዳው 80 ገደማ ነው። አራት ሰው ጭና ዳገት ስትይዝ ማርሽ መቀነስ ነው፤ መቸኮል የለም። ነዳጅ በከተማ በሊትር 11፣ አገር ቤት ስሄድ 13 ኪሎ ሜትር ትሰጠኛለች። ቪትዟ 15 ትሄድ ነበር። ልዩነቱ ስገዛት አላሳሰበኝም፤ በ2017 ጥር ቤንዚን በሊትር ከመቶ ብር ሲያልፍ ግን ደብተሯ ላይ አዲስ ዓምድ ከፈትኩ። ጋኗ 40 ሊትር ብቻ በመሆኑ ማደያ ሰልፍ ላይ ከማውቃቸው ሰዎች ጋር ተዛምደናል።

መለዋወጫው ሌላ ታሪክ ነው። መኪናዋን በገዛሁ በወሩ፣ ሐምሌ 22፣ ብር በገበያ ይወሰን ተባለ። በሰኔ የጠየቅኩት የፊልትሮ ዋጋና በመስከረም የከፈልኩት አይተዋወቁም። በሌላ በኩል፣ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ካገደ በኋላ ያሉት ብቻ ናቸው የሚዟዟሩት፤ ደላሎች ከገዛሁበት በላይ እየጠሩ ይደውሉልኛል። ስሙኝ፣ ከዚህ ተነስቶ "ፎር ዊል ኢንቨስትመንት ነው" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ የጎማውን ደረሰኝ አሳየኝ በሉት።

ምቾት? ከሥር እንደ ጭነት መኪና የተለየ ሻንሲ አላት፤ የፊቱም የኋላውም አክሰል ድፍን ነው፤ አንዱ ጎማ ሲነሳ ሌላው ይሰማዋል። ይህ አሠራር ገደል ለመውጣት ይረዳል፣ ኮብልስቶን ላይ ግን ወገብ ይቆጥራል። ይህን አውቄ ነው የገዛሁት። አንድ ነገር ግን ስድስት ወር ሙሉ ሳላውቅ ተንገላታሁ፤ ጎሚስታው መኪና ባየ ቁጥር የጎማውን አየር 35 ፒኤስአይ ነው የሚሞላው። የሾፌሩ በር ላይ የተለጠፈውን አንብቤ የሚፈለገው ከዚያ በብዙ ያነሰ መሆኑን ካየሁ በኋላ አስተነፈስኩት፤ ሌላ መኪና ሆነች። በነጻ።

በሩ ሁለት ነው። እናቴ፣ እኛ ቤት አዶት ነው የምንላት፣ ከኋላ መግባት አትችልም፤ ከፊት ለመግባትም ከፍ ይልባታል። ስለዚህ አንዲት በርጩማ ከእኛ ጋር ትጓዛለች። ወንበሮቹ ካልታጠፉ የዕቃ ቦታው 85 ሊትር ነው፤ በርጩማዋ ግማሹን ትይዛለች። ደህንነቱንም ልናገር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የአውሮፓው የግጭት ፈተና ከአምስት ሦስት ኮከብ ነው የሰጣት። ከፍ ብሎ መቀመጥን ከደህንነት ጋር የሚያምታታ ብዙ ነው፤ እኔ ኩርባ ላይ ከቪትዝ ይልቅ በጂምኒ ነው የምጠነቀቀው።

አሁን ስለ ዘጠኙ ቀኖች። አምስቱ መስቀል ናቸው። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ይህ አይከራከሩበትም። እስከ ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ ከእምድብር ተገንጥሎ ወደ መንደራችን የሚገባው 14 ኪሎ ሜትር ግን መስከረም አጋማሽ ላይ ገና ክረምት ነው። በቪትዝ ዘመን መኪናዋን እምድብር አንድ ግቢ አቁመን፣ ዕቃውን በሞተር ብስክሌት ልከን፣ እኛ በእግር ነበር። አዶትን አንድ ዓመት በዚህ ምክንያት አዲስ አበባ ትተናት ሄደናል፤ ከእርድ ቀን ጀምሮ እስክንመለስ ስልክ አላነሳችልንም። መኪና ለምን ቀየርሽ ለሚለኝ ሁሉ ስለ ኮፓው ነው የማወራው። ያንን ዓመት አላወራም።

እናም በ2017 መስከረም፣ ከመንደሩ በፊት ያለችውን ወንዝ በሎው ተሻግረን፣ አዶት ከፊት በርጩማዋን ታቅፋ፣ ጀፎረው ራስ ላይ ደረስን። ጀፎረ ለማያውቅ፣ ቤቶቹ ፊት ለፊት የሚተያዩበት፣ በሣር የተሸፈነ ሰፊ የመንደር መንገድ ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም ከብቱም ልጁም እዚያ ነው። በራችን ከዚያ 300 ሜትር ይርቃል። ማርሽ ላስገባ ስል አባቴ መሃል ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

"ጥጃዋን እዚሁ እሰሪያት።"

"አባባ፣ እኮ በሩ ድረስ ትገባለች።"

"መግባቷንማ ወንዙ ላይ አየናት። ሣሩ ግን ክረምቱን ሙሉ የበቀለ ነው። ነገ ሰው ይቀመጥበታል።"

እዚያው ካለ ግንድ አጠገብ የአጎቴ ልጅ ቪ8 ቆማለች፤ እሷም አልገባችም። ዕቃውን በሸክም አስገባነው፤ አዶት በበርጩማዋ ሁለት ጊዜ እያረፈች ደረሰች። ዘንድሮ ማንም ሳያቆመኝ እዚያው ግንድ ሥር አሰርኳት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልትገዛ አስባ ልትጠይቀኝ መጣች። ጎማውን፣ ነዳጁን፣ ዋልካውን አንድ ሰዓት ሙሉ ነገርኳት፤ ደብተሯንም አሳየኋት። ዓይኗ በርቷል። ልትሄድ ስትነሳ ትዝ አለኝና "ልጆችሽ ስንት ናቸው?" አልኳት።

"ሦስት።"

"ውይ፣ ወንበሯ እኮ አራት ነው።"