ባለ 50 በመቶ የጥላ መረብ ቤት ውስጥ ላደጉ የፍራፍሬ ችግኞች

የአቮካዶ፣ የማንጎና የሎሚ ችግኞችን ከቤት አውጥቶ ከፀሐይ ጋር ለማለማመድ ከተጠቀምኩባቸው ዕቃዎች ሁሉ የማስበልጠው፣ በተለምዶ ሼድ ኔት የሚባለውንና የብርሃኑን ግማሽ የሚያስቀረውን ጥቁር የጥላ መረብ ነው። የማይሠራውን ሥራ ግን ከእርሱ መጠበቅ አይገባም።

በመስኮት ሥር ያደገ ችግኝ ቅጠሉ ስስ ነው፤ ውኃው እንዳይተንበት የሚጠብቀው ሰም መሰል ሽፋን በደንብ አልዳበረም፤ መስታወቱም አልትራቫዮሌት ቢ የተባለውን ጨረር አብዛኛውን ስለሚያስቀርበት ቅጠሉ ለዚያ ጨረር አልተዘጋጀም። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ሲሆን የቤት ውስጥ ብርሃን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሺህ ስለማያልፍ፣ እንዲህ ያለውን ችግኝ በአንድ ጊዜ ገላጣ ቦታ ላይ ማቆም ቅጠሉን ያቃጥለዋል። የነጣው ወይም ቡናማ የሆነው ቦታ ተመልሶ አይለመልምም፤ ተክሉ የሚያገግመው ብርሃኑን ለምዶ በሚወጣ አዲስ ቅጠል ነው።

የዚህ መረብ ትልቁ ጥቅም ጥላውን ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ መመቸቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ተደርቦ ሲዘረጋ የሚያልፈው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ቀጥሎ በነጠላው ብቻ ማጥላት፣ ከዚያም ለስላሳውን የጠዋት ፀሐይ ያለ መረብ እንዲያገኙ እያደረጉ ሰዓቱን ማራዘም ይቻላል። ይህ ሁሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ አዲሱ ቅጠል ሳይጠወልግ መዋሉን ሳላይ ግን መረቡን ጨርሶ አላነሣም። እንደ ሹራብ የተሠራው ዓይነት በመቀስ ሲቆረጥ ጠርዙ ስለማይተረተር፣ በሽመና ከተሠራው ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ።

ጥቁር ቀለሙ ሙቀት ይስባል፤ ስለዚህ ቅጠሉ ላይ ከማልበስ ይልቅ አየር በመካከል እንዲያልፍ በእንጨት ላይ ከፍ አድርጎ መወጠር ያስፈልጋል። ከላይ ብቻ የተዘረጋ መረብ ከጎን የሚመጣውን ነፋስ አያስቆምም፤ ቀላል ነፋስ ግንዱን ስለሚያጠነክረው ይጠቅማል፣ ኃይለኛው ግን ስሱን ቅጠል በፍጥነት ያደርቀዋልና ችግኞቹን ግድግዳ ማስጠጋት ይሻላል። ከብርድም አያድንም፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሚወርድባቸው ሌሊቶች የማንጎና የፓፓያ ችግኝ ወደ ቤት መመለስ አለበት።

ባለ 30 በመቶው መረብ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አይበቃም፤ 70 በመቶው ደግሞ መነሻው ላይ ቢመችም፣ ከእርሱ ወደ ሙሉ ፀሐይ መሸጋገር ለችግኙ ከባድ ነው። አንድ መረብ ብቻ ለሚገዛ ሰው ባለ 50 በመቶውን፣ ተደርቦ እንዲዘረጋ አድርጎ በስፋት እንዲገዛ እመክራለሁ።