ሆዴን የዳሰሰችው ሲስተር

ስኳር ካለብኝ 11 ዓመቴ ነው፤ ኢንሱሊን ከጀመርኩ 6። ሐኪሜ «የስኳር ሕሙማን ትምህርት አለ፣ ይመዝገቡ» ሲሉኝ በሆዴ ሳቅሁ። ጣፋጭ ይቀንሱ፣ በእግር ይሂዱ፤ ሌላ ምን ሊሉኝ ነው? ለማንኛውም ሄድኩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በድምሩ አራት ቀን ነው።

የመጀመሪያው ቀን ቢቀርም አይጎዳም። ስለ ቆሽት ያስረዳን ልጅ ጎበዝ ነው፣ ግን ከኋላዬ አንድ ሰውዬ ያንኮራፉ ነበር። (እኔም ትንሽ ነበር የቀረኝ።)

በሁለተኛው ቀን ሲስተሯ ገባችና ንግግር የለም፤ «በሉ፣ ቤታችሁ እንደምትለኩት ለኩ» አለች። የጣቴን ጫፍ መሃል ለመሃል ወጋሁት። «ጋሼ፣ ለምን ራስዎን ያሠቃያሉ? ከጎኑ ይውጉት።» አጠገቤ የነበሩት እናት በእረፍት ሰዓት ብርቱካን ልጠው፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ለኩ። 212 አላቸው። ታጥበውና አድርቀው ሲደግሙት 148። ስንት ቀን በከንቱ ደንግጠው ይሆን?

ቀጥሎ መርፌ። የምወጋበትን አሳየኋት፤ ከእምብርቴ በስተግራ፣ ስለማያመኝ ሁልጊዜ እዚያው። በጣቷ ዳበስ ዳበስ አደረገችና የራሴን እጅ አምጥታ አስቀመጠችበት። ቆዳው ሥር እንደ ጎማ ጠጠር ያለ እብጠት። ስድስት ዓመት ሙሉ የገዛ ሆዴን አላውቀውም! እዚያ ላይ የተወጋ ኢንሱሊን አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ በደንብ አይገባም አለችኝ። ዛሬ ጠዋት 110፣ ነገ 240 የሚለኝ ስኳሬ አንዱ ምክንያቱ ይኼው ነበር። «ቦታ ቀያይር» ድሮም ተብያለሁ፣ በሩጫ። የዳሰሰኝ ግን አልነበረም።

ደግሞ ነገሩን እዚያ ላይ አልተወችውም። ደህና ቦታ ላይ ሲወጉት መድኃኒቱ በርትቶ ስኳር ሊያወርድ ስለሚችል ሐኪሙ መጠኑን ሳያይልኝ እንዳልቀይር አስጠንቅቃ፣ ያኔውኑ አገናኘችኝ። ዶክተሩ ቀነሱልኝ። እንዲያም ሆኖ በአምስተኛው ሌሊት በላብ ተጠምቄ ነቃሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። 62! ድሮ ቢሆን ያገኘሁትን ሁሉ እየጎረስኩ አነጋ ነበር። አሁን 15 ግራም ስኳር የሚሆን ጭማቂ፣ ግማሽ ብርጭቆ ገደማ ጠጣሁና 15 ደቂቃ ሰዓት እያየሁ ጠበቅሁ። 91። ቸኮሌት ለዚህ አይሆንም፣ ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል ያለችንም እሷው ናት።

ቅሬታም አለኝ። ቤተሰብ ይዞ መግባት አይቻልም። የሳህኑን ግማሽ አትክልት፣ ሩቡን እህል፣ ሩቡን እንደ ሥጋና እንቁላል ያለ ነገር አድርጉ ሲሉን ጥሩ ነው፤ ግን ቤት የምታበስለው ባለቤቴ ናት፣ መስማት የነበረባትም እሷ ናት። የሰጡን ወረቀት ደግሞ! ስኳር ዓይን ይጎዳል ብለው ያስተማሩን ሰዎች ጽሑፉን ጉንዳን አሳክለው አትመውታል።

የሦስት ወሩ አማካይ፣ ያ ኤዋንሲ የሚሉት፣ ከ9.1 ወደ 7.8 ወርዷል። ዶክተሩ ገና ይቀረናል ብለውኛል። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። የምትሄዱ ከሆነ ቤት የምትጠቀሙበትን መለኪያና መርፌ ያዙ። መነጽርም።