የፖቶማክ የፈጣን ውሃ ነፍስ አድን ሥልጠና፦ የመጀመሪያው ቀን ብቻውን ዋጋውን ያወጣል

ካያክ መቅዘፍ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ በሜሪላንድ በኩል በፖቶማክ ወንዝ የተሰጠውን የሁለት ቀን የፈጣን ውሃ ደህንነትና ነፍስ አድን ሥልጠና ከአክስቴ ልጅ ጋር ወሰድኩ። ሥልጠናው እ.ኤ.አ. በ1880 የተመሠረተው የአሜሪካ የታንኳ ማኅበር ያወጣውን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተል ሲሆን፣ ይህንኑ ትምህርት በየግዛቱ የሚሰጡ ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ እኔ የተማርኩበትን በስም የማልጠራው ዝቅ ብዬ የማነሳው ቅሬታ ስላለኝ ነው። ክፍያው ከ300 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከግሬት ፎልስ ፏፏቴ በታች፣ ኦልድ አንግለርስ በሚባለው የጀልባ መነሻ ተሰባሰብን። ውሃ ሳንነካ አንድ ሰዓት ያህል ዳር ላይ ቆየን። ዋናው አሰልጣኝ፣ ጠና ያሉና ቁጥብ ሰው፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ በጭቃው ላይ በመቅዘፊያ ጫፍ ጻፉልን፤ አንደኛ ራስህ፣ ሁለተኛ አብረውህ ያሉት፣ ሦስተኛ ውሃ የወሰደው ሰው። ይህ ቅደም ተከተል ለእኔ ቀላል አልነበረም። ሰው ሲሰምጥ ዳር ቆሞ ማየት ነውር ነው ተብሎ ላደገ ሰው፣ ዘሎ መግባት የመጨረሻው አማራጭ ነው መባሉ ጭካኔ ይመስላል። ሆኖም አሰልጣኙ መሰላሉን ደረጃ በደረጃ ሲያስረዱ፣ ማለትም መጀመሪያ ጮኾ መምራት፣ ከዚያ መቅዘፊያ ወይም ዱላ ማቀበል፣ ከዚያ ገመድ መወርወር፣ ከዚያ በጀልባ መቅረብ፣ ይህ ሁሉ ካልሆነ ብቻ በገመድ ተይዞ መዋኘት መሆኑን ሲነግሩን፣ አንድ ሰው የሚሰምጥበትን አደጋ የሁለት ሰው ሞት የሚያደርገው ያ ደፋር ዝላይ መሆኑ ገባኝ።

ከዚያ ወደ ውሃው ገባን። ዌትሱት ለብሼም ቅዝቃዜው ትንፋሼን ነጥቆኝ ስለነበር፣ የመጀመሪያዎቹን ሴኮንዶች ምንም ሳልሠራ በአፌ አየር ስስብ አሳለፍኳቸው። ያስተማሩን አቀማመጥ ቀላል ነው፤ በጀርባ መተኛት፣ እግርን ወደ ውሃው መሄጃ አቅንቶ ጣቶቹ ከውሃው በላይ እስኪታዩ ማንሳት፣ በእጅ ወደ ዳር መቅዘፍ። ከባዱ ነገር ወደ ዳር ሲደርሱ መቆም አለመቻል ነው። ውሃው ጉልበቴ ጋ ብቻ ነው ብዬ ለመነሳት ስሞክር ረዳቷ አሰልጣኝ በፊሽካ አስደነገጡኝ፤ መቀመጫህ ጠጠሩን እስኪፍቀው ድረስ እግርህን እንዳታወርድ አሉኝ። ምክንያቱን በኋላ አብራሩ። እግር በሁለት ድንጋይ መካከል ከገባ፣ ከኋላ የሚመጣው ውሃ ሰውየውን ወደፊት ደፍቶ ይጫነዋል፣ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ላይፍ ጃኬቱም አያድነውም። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና፣ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ጎልማሳ ሰው ቢጥል አይገርምም።

ከሰዓት በኋላ የመጣው ልምምድ በእኔ ግምት ከሁሉ ይበልጣል። የወደቀ ዛፍ ወንዝ ውስጥ ሲተኛ፣ ቅርንጫፎቹ ውሃውን እያሳለፉ ሰውን ይይዛሉ፤ ባለሙያዎቹ ስትሬነር ይሉታል፣ እኔ ግን ወንፊት ብለው ይቀለኛል። ከዚያ በፊት የተማርነው የጀርባ አቀማመጥ እዚህ ላይ ገዳይ ነው፤ እግር ቀድሞ በሥሩ ይገባልና። ስለዚህ በሆድ ተገልብጦ፣ በሙሉ ኃይል ወደ ዛፉ ዋኝቶ፣ ደረትን ከላዩ አውጥቶ ማለፍ ያስፈልጋል። ለልምምዱ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ በውሃው ላይ አግድም አስረው ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ዘግይቼ ስለተገለበጥኩ ቱቦው ብብቴን ሲመታኝ፣ ከወገቤ በታች ያለው አካሌ ወደ ሥሩ ተስቦ ሄደ። ከበላይ ያለው ውሃ እግሬን እንደ ሰው እጅ ሲጎትተው የተሰማኝን ስሜት በጽሑፍ መግለጽ አልችልም። አራት ጊዜ ደገምኩት፤ ተራ ሳይጣበብ የሚደገም ነገር መኖሩ የዚያን ቀን ትልቁ ጥቅም ነበር።

የገመድ ውርወራውም በደንብ ተሰጥቷል። ከረጢቱ ውስጥ 20 ሜትር ያህል የሚንሳፈፍ ገመድ አለ፤ ወርዋሪው ጫፉን በእጁ ይይዛል እንጂ ከሰውነቱ ጋር ፈጽሞ አያስርም፣ የተወረወረለትም ሰው ከረጢቱን ሳይሆን ገመዱን ይዞ በትከሻው ላይ አሳልፎ በጀርባው ይተኛል። የእኔ የመጀመሪያ ውርወራ የአክስቴ ልጅ የነበረበት ቦታ ላይ በትክክል አረፈ፤ እርሱ ግን በዚያ ጊዜ ሦስት ሜትር ወርዶ ነበር፣ ማታም ስለዚሁ ሲያሾፍብኝ አመሸ።

ቅሬታዬ በሁለተኛው ቀን ላይ ነው። ከድንጋይ ጋር የተጣበቀ ጀልባ የሚያስለቅቀው፣ በንድፈ ሐሳብ ኃይልን ሦስት እጥፍ የሚያደርገው የገመድና የመዘውር አሠራር መማር ያለበት በእጅ ነው፤ ቋጠሮው የት እንደሚገባ፣ ገመዱ ሲወጠር ሰው የት መቆም እንደሌለበት በዓይን ብቻ አይያዝም። እኛ 11 ሰዎች ስንሆን የቀረበው አንድ ሙሉ የገመድ ዕቃ ነበር። ተራዬ አንድ ጊዜ ብቻ ደረሰኝ፣ ያንንም የቋጠርኩት የጎኔን ሰው እያየሁ ነው። ይባስ ብሎ፣ በገመድ ተይዞ የመዋኘቱን ልምምድ ያደረጉት በአንድ ስበት የሚፈታ ማሰሪያ ያለው የነፍስ አድን ጃኬት ይዘው የመጡት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሌሎቻችን ቆመን ተመለከትን። ይህ ጃኬት እንደሚያስፈልግ በምዝገባው ጊዜ አልተነገረንም፣ ለኪራይም አልቀረበም። ለዚያው ክፍያ ይህ ተገቢ አይመስለኝም።

የሁለተኛውን ቀን ያተረፈው ስለ ዝቅተኛ ግድቦች የተሰጠው የግማሽ ሰዓት ገለጻ ነው። ከዋሽንግተን ከተማ ከፍ ብሎ፣ ሊትል ፎልስ አጠገብ ያለው የብሩክሞንት ግድብ ከላይ ሲመጡ ውሃውን በቀጥታ መስመር የቆረጠ ጸጥ ያለ ነገር ነው፤ ፏፏቴ የሚመስል ነገር የለውም። ከሥሩ ግን የወደቀው ውሃ ወደ ግድቡ ግድግዳ እየተመለሰ ይሽከረከራል፣ የገባውን ጀልባም ሆነ ሰው አይለቅም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። አሰልጣኙ ከዚያ ስለ መውጣት ዘዴ ጊዜ አላጠፉም፤ የማስጠንቀቂያ ምልክቱ ከመድረሱ በፊት ዳር የሚያዝበትን ቦታ በካርታ ብቻ አሳዩን። በዕረፍት ቀን ከልጆች ጋር ግሬት ፎልስ ፓርክ የሚሄዱ ወገኖቻችንም፣ እዚያ መዋኘት ብቻ ሳይሆን እግር ማስነካትም ለምን እንደተከለከለ ይህን ቢሰሙ ይገባቸው ነበር።

ካያክ ለሚቀዝፍና ዋና ለሚችል ሰው ሥልጠናውን እመክራለሁ። ዋና ገና ለሚማር ሰው ግን ጊዜው አይደለም። የገመዱን ክፍል በተመለከተ ለድርጅቱ ጽፌላቸው፣ በመስከረም የሁለተኛውን ቀን በግማሽ ክፍያ እንድደግም ፈቅደውልኛል፣ እደግመዋለሁም። ከመመዝገባችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለስንት ሰው ስንት ሙሉ የገመድ ዕቃ እንደሚቀርብ፣ ጃኬቱንም ያከራዩ እንደሆነ።