ለብሎኑ የተጨነቁትን ያህል ለገመዱ ቢጨነቁ፦ ስምንት ወር ከቨርቿል ሞዱላር ሲንተሳይዘር ጋር

ስክሪኔ ላይ ያለው እያንዳንዱ ሞጁል ጥግ ጥጉ ላይ ብሎን አለው። ጥላ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ብሎን። ምንም የያዘው ነገር የለም፤ ሥዕል ነው። መጀመሪያ ሳየው ደስ አለኝ። አሁን ግን ባየሁት ቁጥር "ምነው ይሄን ጊዜ ለሌላ ነገር ባዋሉት" እላለሁ።

የሶፍትዌሩን ስም አልጠራም። የማማርርበት ነገር የእሱ ብቻ ሳይሆን የብዙ ቢጤዎቹ ነውና።

ለማያውቁት፦ ሲንተሳይዘር ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ ሞዱላሩ ግን አንድ ወጥ መሣሪያ አይደለም፣ ሞጁል ከሚባሉ ክፍሎች ይገጣጠማል። ድምፅ የሚያወጣው ኦሲሌተር ለብቻው ነው፤ ድምፁን የሚያጣራው ፊልተርም ለብቻው። በገመድ የምታያይዟቸው እናንተ ናችሁ። ሮበርት ሙግ እና ዶን ቡክላ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በየፊናቸው ከጀመሩት ወዲህ መሠረቱ አልተቀየረም። ቨርቿሉ ይሄንኑ ወደ ኮምፒውተር ያመጣዋል። ቮልቱ እንኳ አልቀረም፤ አንድ ቮልት ሲጨመር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ይወጣል። ኤሌክትሪክ በሌለበት ቮልት!

የወደድኩትን ቶሎ ልናገር። ፓቹ፣ ማለትም የሞጁሎቹና የገመዶቹ ጠቅላላ አሰካክ፣ ሴቭ ይደረጋል። የብረቱ፣ ማለትም የእውነተኛው መሣሪያ ላይ ገመዱን ከነቀሉት አለቀ፤ ፎቶ ካላነሱት ያ ድምፅ ተመልሶ አይመጣም። አንድን ፊልተር አሥር ቦታ ብፈልገው አሥሩን እደረድራለሁ። አንድ ገመድ ደግሞ እስከ 16 ድምፅ ይሸከማል፤ ኮርድ ለመሥራት 16 ገመድ መጎተት ቀረ ማለት ነው። እነዚህ ሦስቱ የብረቱ መሣሪያ በቀላሉ የማይሰጣችሁ ናቸው። ሶፍትዌሩ እንዲህ ኮምፒውተርነቱን ሲቀበል ያምርበታል። ብረት ነኝ ማለት ሲጀምር ነው የምንጣላው።

ገመዱን እንይ። እስከ አሥር ሞጁል ድረስ እዳው ገብስ ነው። አርባ ሲደርስ ስክሪኑ የሸረሪት ድር ይሆናል፣ ማዞሪያዎቹም ከሥር ይቀበራሉ። ገመዱን ማደብዘዣ አለው። ሳደበዝዘው ደግሞ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ አይታየኝም። የእኔ ምኞት ቀላል ነው፦ ማውሱን አንድ ገመድ ላይ ሳሳርፍ ያ ብቻ ይብራ፣ ሌላው ይደብዝዝ። ለገመዱም ስም ልስጠው። "የባሱ ክሎክ" ብዬ ጽፌበት ከወር በኋላ ስመለስ ላንብበው። የብረቱ ተጠቃሚ ገመዱ ላይ ወረቀት ይለጥፋል፤ እኔ ያንን እንኳ አላገኘሁም።

በጣም ያንገበገበኝ ግን የማይታየው ነገር ነው። ሲኩዌንሰሬ፣ ማለትም ኖታዎችን በተራ የሚያጫውተው ሞጁል፣ ስምንት ኖታ ይጫወታል። በእያንዳንዱ የክሎክ ምት አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ ሪሴት ደግሞ ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ሪሴት ባደረግኩት ቁጥር የመጀመሪያዋን ኖታ ዘሎ ከሁለተኛው ይነሳል። ሁለት ሌሊት ሲኩዌንሰሩን ስጠረጥር አደርኩ። ቀየርኩት፣ ሌላ አመጣሁ፣ ያው። ለካስ ጥፋቱ መንገዱ ላይ ነው። በዚህ ሶፍትዌር ምልክት በአንድ ገመድ ባለፈ ቁጥር አንድ ሳምፕል (ኮምፒውተሩ ድምፅን የሚቆራርስባት ትንሿ ቁራሽ) ይዘገያል። በሰከንድ 48,000 ሳምፕል ሲሠራ ይሄ ወደ 0.02 ሚሊሰከንድ ነው፤ ጆሮ አይሰማውም። ሲኩዌንሰሩ ግን ይሰማዋል። የእኔ ክሎክ በሦስት ሞጁል ዞሮ ይመጣል፣ ሪሴቱ በአቋራጭ። ሪሴቱ ቀድሞ ደርሶ ሲኩዌንሰሩን መጀመሪያ ላይ ያቆመዋል፤ ክሎኩ ተከትሎ ይደርስና አንድ እርምጃ ይገፋዋል። በቃ፣ የመጀመሪያዋን ኖታ ውሃ በላት።

መፍትሔው አስቂኝ ነው። ሪሴቱንም ምንም በማይሠሩ ሦስት ሞጁሎች ውስጥ አሳለፍኩት፣ እኩል ደረሱ። ከሪሴት በኋላ ለቅጽበት ክሎክ የማይቀበሉ ጠንቃቃ ሲኩዌንሰሮች አሉ፤ የእኔዎቹ ከእነሱ ወገን አልነበሩም። እኔ የምጠይቀው መዘግየቱን ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲያስተካክለው ነው። ያ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፤ ገመዱ ዞሮ ወደ ራሱ ሲመለስ የት ላይ ይካካሳል? እሺ፣ ቢያንስ ቁጥሩን አሳዩኝ። እዚህ መግቢያ ላይ ክሎኩ ከሪሴቱ ሦስት ሳምፕል ዘግይቶ ደርሷል በሉኝ። ሁለት ሌሊቴ ይተርፍ ነበር።

የሲፒዩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ጉዳይ እንዳለ ነው፤ ፓቹ ሲገዝፍ ድምፁ መንጣጣት ይጀምራል፣ ፋኑም ያጓራል። የትኛው ሞጁል እንደሚበላ የሚያሳየው ቆጣሪ ስለሚረዳኝ እዚህ ላይ ብዙ አልጨቀጭቅም።

ዝማኔው ግን ያናድዳል። ብዙዎቹን ሞጁሎች የሚሠሩት ሌሎች ሰዎች ናቸው። አንዱ ሥራውን ሲተው የቆየ ፓቼን ስከፍት ሞጁሉ በነበረበት ቦታ ባዶ ጉድጓድ አገኛለሁ፣ የተሰካው ገመድም አብሮ ጠፍቷል። ፓቹን ከነሞጁሎቹ፣ ከነአሮጌ ቅጂያቸው አሽጌ የማስቀምጥበት አንድ ቁልፍ ቢኖር ከብሎኑ በፊት እሱን እመርጥ ነበር።

ሌላው ተጠቃሚ ደጋግሞ ሲጠይቅ የምሰማው ፓቹን ራሱ የሚሠራ ነገር ነው። የምትፈልገውን ጻፍ፣ ገመዱን እሱ ይሰካልሃል የሚሉት ዓይነት። እኔ አልፈልግም። ገመድ መሰካቱን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ እፈልጋለሁ። በአራተኛው ወር አካባቢ አንድ ሌሊት በዘፈቀደ ቮልት የሚነዳ ፓች ሠርቼ ነበር። ኖታውን እኔ አልመርጥም፣ ራሱ ይመርጣል። ድንገት እንዲህ ያለ ዜማ ወጣ፣ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ምናልባት ሁለት ደቂቃ ቆየ። መቅጃውን ለመጫን እጄን ስዘረጋ ሄደ። ፓቹን ሴቭ አደረግኩት፣ እንደገና ከፈትኩት፣ ሌላ ዜማ አመጣ። ፓች ማስቀመጥ ማለት ገመዱንና ማዞሪያውን ማስቀመጥ እንጂ የሆነውን ማስቀመጥ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። እጄን አጨብጭቤ ተኛሁ።

ሶፍትዌሩ ሁልጊዜ ያለፉትን አምስት ደቂቃዎች በዝምታ ቢይዝልኝስ? ስፈልገው "ያንን አምጣ" እለዋለሁ፣ ካልፈለግኩት ይጥለዋል። ከባድ አይደለም። 48,000 ሳምፕል በሰከንድ፣ ስቴሪዮ፣ 24 ቢት ብንል አምስት ደቂቃ 86 ሜጋባይት ገደማ ነው። ይሄ ለዛሬ ላፕቶፕ ምኑ ነው?

እስኪመጣ ድረስ ገና ሶፍትዌሩን ስከፍት መቅጃውን እጫናለሁ። አሁን አንድ ፎልደር ሙሉ የአርባና የሃምሳ ደቂቃ ፋይል አለኝ። አብዛኛው የምፈልገው ገመድ ጠፍቶኝ ስዳብስ የተቀዳ ነው።