የእናቶች ኅብረት መዛግብት ወዴት ይጠረዙ? የአንድ የደሴ ጥረዛ ቤት አገልግሎት

በደሴ ፒያሳ አካባቢ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኘው ጥረዛ ቤት ከበሩ በላይ የተሰቀለ ማስታወቂያ ስለሌለው፣ ደንበኞቹ የሚያውቁት «ጠራዡ ጋ» በሚል ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ኅብረት ቃለ ጉባኤዎች፣ የአባላት መዝገብና የገንዘብ ደብተሮች እዚህ ተጠርዘው፣ ገጾቻቸውም ስካን ተደርገው ወጥተዋል። ተመሳሳይ ሥራ ሊያሠሩ ለሚያስቡ አጥቢያዎችና ማኅበራት ይጠቅም ይሆናል በሚል የአገልግሎቱን ጥንካሬና ጉድለት ጽፌዋለሁ።

ኅብረታችንን ለዚህ ወጪ ያነሣሣው የእንግሊዙ የእናቶች ኅብረት ታሪክ ነው። ድርጅቱን የመሠረቱት ወይዘሮ ሜሪ ሰምነር ባለቤታቸው በሚያገለግሉበት ኦልድ አልረስፎርድ በሚባል የገጠር ደብር፣ እ.ኤ.አ. በ1876፣ እናቶችን ሰብስበው ልጅ በማሳደግ እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ለማድረግ ሲያስቡ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ፍርሃት ይዟቸው መናገር ስላቃታቸው ሴቶቹን በሌላ ሳምንት እንዲመለሱ ብለው አሰናብተዋቸው ነበር። ጉዳዩ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ከደብሩ ብዙም ሳይወጣ ቆይቶ፣ በ1885 ፖርትስማዝ ላይ በተደረገ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ካደረጉት ንግግር በኋላ ወደ ሌሎች አህጉረ ስብከት ተዛመተ፤ በ1896 ማዕከላዊ ምክር ቤት ተቋቋመለት፣ በማግስቱ ዓመትም ንግሥት ቪክቶሪያ የበላይ ጠባቂ ሆኑ። የድርጅቱ መዛግብት ዛሬ ለንደን ውስጥ፣ በ1610 በተመሠረተው የላምቤዝ ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን የምሥረታው ወግ አይደለም። ድርጅቱ ትዳራቸውን በፍቺ ያፈረሱ ሴቶችን እስከ 1970ዎቹ ድረስ በአባልነት አይቀበልም ነበር፤ ደንቡ የተለወጠውም ብዙ ካነጋገረ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን የማይመች ጉዳይ የሚያስቀምጥ መዝገብ ነው ለተመራማሪም ለአባልም የሚረባው። በእኛም ደብተሮች ውስጥ፣ ለአራስ መጠየቂያ የሚሰጠው የገብስ ዱቄትና ቅቤ ያለ ጋብቻ ለወለደች እናት ይገባል ወይስ አይገባም በሚል የተደረገ ሙግት ተመዝግቦ ይገኛል፤ ያ ገጽ ከጥረዛው ይቅር ያሉ አባላትም አልጠፉም።

የዚህ ቤት ትልቁ ብልጫ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጠራዡ ደብተር ሲረከቡ እያንዳንዱን ገጽ ባለቤቱ ፊት ቆጥረው ቁጥሩን በደረሰኙ ላይ ይጽፋሉ፣ ሲያስረክቡም እንደገና ይቆጥራሉ። «እማማ፣ እርስዎም አብረውኝ ይቁጠሩ» ብለው ሊቀ መንበራችንን አጠገባቸው አስቀምጠዋቸው ነበር። በዚህ አሠራር አንድ ቅጠል በዝምታ ሊጎድል አይችልም።

የእጅ ሥራቸውም የሚያስመሰግን ነው። በደሴ ጉምና እርጥበት የዛጉትን የስቴፕለር ሽቦዎች ወረቀቱን ሳይቀዱ አንድ በአንድ አውጥተው፣ ቅጠሎቹን በማጣበቂያ ብቻ ከማያያዝ ይልቅ በክር ሰፍተዋቸዋል፤ ስለዚህ መዝገቡ ሲገለጥ እስከ ውስጠኛው ኅዳግ ድረስ ይነበባል። ያረጁትን የአባልነት ካርዶች በፕላስቲክ አሽጉልን ስንላቸውም በትሕትና እምቢ ብለዋል። ልክ ነበሩ፤ በሙቀት የታሸገ ወረቀት ሳይጎዳ ተመልሶ አይወጣም። ካርዶቹ አሁን በፖስታ ተለያይተው ተቀምጠዋል። የሽፋኑ ጨርቅ ቀለም ግን አማራጭ የለውም፣ ጥቁር ብቻ ነው።

ስካኑ ከጥረዛው እጅግ ያንሳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን በነካበት ወቅት ከየቢሮው የወደመውን ወረቀት ያየ ሰው፣ ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ለምን እንደሚያስፈልግ አይነገረውም፤ ሆኖም ቅጂው ተፈልጎ ካልተገኘ ጥቅሙ ግማሽ ነው። በፍላሽ የተሰጡን ፋይሎች ኮምፒውተሩ ራሱ ያወጣላቸውን ቁጥር ብቻ የያዙ በመሆናቸው፣ የትኛው ገጽ የየትኛው ዓመት ቃለ ጉባኤ እንደሆነ ለማወቅ እያንዳንዱን መክፈት ያስፈልጋል። በእርሳስ የተጻፉት ማስታወሻዎች ፈዘዋል፣ ከኋላ ጽሑፍ ያለባቸው አንዳንድ ቅጠሎችም የፊታቸው ብቻ ተነሥቷል። ስካኑን የሚሠራው ወጣት ስሕተቱ ሲነገረው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደግሞታል፤ ይሁን እንጂ ያልጠየቀ ደንበኛ ጎዶሎውን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የምሥጢር ጉዳይ ነው። የእናቶች ኅብረት መዝገብ ማን እንደተቸገረች፣ ማን ከባሏ እንደተጣላች፣ ማን ምን እርዳታ እንደተቀበለች የሚናገር ሰነድ ነው፤ በመዛግብት ሙያም የሰዎችን የግል ሕይወት የያዙ ሰነዶች ለረጅም ዓመታት ተዘግተው የሚቆዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ቅጂዎቹ ማንኛውም ተገልጋይ በሚጠጋው የቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ነበር። እንዲጠፉ በጠየቅን ጊዜ ወዲያው በፊታችን ተሰርዘዋል፣ ነገር ግን ይህ ሳይጠየቅ ሊደረግ የሚገባው ነው።

ዋጋው ለጥረዛ በመዝገብ፣ ለስካን በገጽ ይታሰባል፤ ለጥረዛው የተከፈለው ተገቢ ነው፣ ስካኑ ግን እንደ ጥራቱ ውድ ነው። ስለዚህ ለጥረዛ ያለ ማመንታት ይሂዱ እላለሁ። ስካን የሚፈልግ ማኅበር ደግሞ የደብተሮቹን ስምና ዓመት ዘርዝሮ ይዞ ይሂድ፣ ከአባላቱም አንዷ ሥራው እስኪያልቅ አጠገብ ትቀመጥ። በሐምሌና በነሐሴ ግን ባይወስዱ ይመረጣል፤ በደሴ ክረምት የሽፋኑ ማጣበቂያ ቶሎ ስለማይደርቅ ጠራዡ ራሳቸው ቀጠሮውን ወደ መስከረም ያዞሩታል።