ከስላይዱ ስር ያለችው ሳጥን፦ ስለ ፓወርፖይንት የምለው አለኝ

ሥራዬ ነርስነት ነው። ከዚያ ጎን ለጎን አዲስ ለሚቀጠሩ ባልደረቦች ስለ ኢንፌክሽን መከላከል ስልጠና እሰጣለሁ። ፓወርፖይንትን፣ በስክሪን የሚታዩ ገጾች ማለትም ስላይዶች የሚዘጋጁበትን ፕሮግራም፣ የምገመግመው እንግዲህ እንደ ዲዛይነር አይደለም። ሰው ፊት ቆሜ ነገር ማስረዳት ስላለብኝ ዓመታት ሙሉ አብሬው ኖሬያለሁ።

የመጀመሪያው ስልጠናዬ 62 ስላይድ ነበረው። ሁሉም ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ ጢም ያለ። ሦስት ሌሊት ደክሜበታለሁ። ቀኑ ደርሶ ለሰዎቹ ጀርባዬን ሰጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። አሥራ ምናምነኛው ስላይድ ላይ ስደርስ ከፊት የተቀመጡ አንጋፋ ነርስ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ማንበቡንማ እኛም እንችላለን። ወረቀቱን ስጪንና አንቺ የምታውቂውን ንገሪን» አሉኝ። ተቆጥተው አልነበረም። እውነታቸውን ነው።

ጥፋቱ የእኔ እንጂ የፕሮግራሙ አልነበረም። መድኃኒቱም እዚያው ነበር፤ ልብ አላልኩትም እንጂ።

ፓወርፖይንትን ስትከፍቱ ከስላይዱ ስር አንዲት ጠባብ ሳጥን አለች። ካልታየቻችሁ ከመስኮቱ ግርጌ «ኖትስ» የሚለውን ተጫኑ፣ ብቅ ትላለች። እዚያ የምትጽፉት ለተመልካቹ አይታይም። «ፕረዘንተር ቪው» የሚባለውን ስታበሩ ፕሮጀክተሩ ስላይዱን ብቻ ለሰው ያሳያል። ላፕቶፓችሁ ላይ ግን ማስታወሻችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ስላይድና ሰዓቱ አብረው ይታያችኋል። ለእኔ የዚህ ፕሮግራም ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ጌጡ፣ ቀለሙ፣ ተንቀሳቃሹ ነገር ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን የሠሩት የመጀመሪያው ፓወርፖይንት በ1987 እ.ኤ.አ. ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሲወጣም የተናጋሪው ማስታወሻ አብሮት ነበር። ያኔ ስላይዱ የሚታተመው በጥቁርና ነጭ ነበር። ማስታወሻው ግን ከመነሻው የነበረ ነው። አብዛኛው ሰው ሳይነካት የሚያልፈው ሳጥን ይህችው ናት።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ሥራ ጀመርኩ። በየስላይዱ ያለውን ዓረፍተ ነገር እየቆረጥኩ ወደ ታችኛው ሳጥን አወረድኩ። ብዙዎቹ ላይ ምንም አልቀረም። ባዶ ነጭ! መጀመሪያ ደነገጥኩ። ቆይቼ ግን ጥያቄው ገባኝ። እኔ ይህን በአፌ ስናገር ሰዎቹ በዓይናቸው ምን ቢያዩ ይሻላል? ማየት የሚያስፈልጋቸው ነገር ከሌለ ስላይዱም አያስፈልግም። 62ቱ ወርደው 14 ሆኑ።

አንዱን ልንገራችሁ። ስለ እጅ መታጠብ የሚናገረው ስላይድ 11 መስመር ነበረው። አሁን የእጅ ፎቶ አለ፣ ከላዩ ደግሞ «በሳሙና ሲታጠቡ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ» የሚል በትልቁ ተጽፏል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሙሉ ሂደቱ የሚመክረው ጊዜ ነው። በአልኮል ሲሆን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እንደሚበቃ ግን በአፌ ነው የምናገረው፤ ከታች ተጽፎልኛል። ቀጥዬ ኪቦርዱ ላይ «ቢ»ን እጫናለሁ። ስክሪኑ ይጨልማል። «በሉ፣ ሳሙና እንደያዛችሁ ሆናችሁ እጃችሁን እሹ» እላለሁ፤ ሰዓት ይዤ 40 ሰከንድ እንጠብቃለን። ሁሌም አንድ ሰው «ውይ፣ እንዲህ ረጅም ነው እንዴ?» ይላል። ያንን 11 መስመር አያስተምርም። መልሳችሁ «ቢ»ን ስትጫኑ ስላይዱ ይመለሳል። ይህችን አንድ ቁልፍ ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ደስ ይለኛል።

ወደ ርዕስ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አዲስ ስላይድ ስትጨምሩ ከላይ የርዕስ ሳጥን፣ ከስሩ ነጥብ በነጥብ የሚዘረዘርበት ሳጥን ይቀርብላችኋል። ሳጥን ሲያይ መሙላት የማይፈልግ ሰው የለም። ርዕሱ ላይ «መግቢያ»፣ «ውጤት»፣ «የእጅ ንጽህና» ብለን እንጽፋለን። ይህ ርዕስ ምንም አይናገርም። ዋናው ነገር ከስር ካሉት ነጥቦች መሃል ይቀበራል።

በ2003 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባብራ ሰባት ጠፈርተኞች ሞቱ። ስትነሳ ከነዳጅ ማጠራቀሚያዋ ላይ የተላቀቀ የፎም ቁራጭ ክንፏን መትቷት ነበር። ገና ህዋ ላይ ሳለች መሐንዲሶች ጉዳቱን ለኃላፊዎች ያቀረቡት በስላይድ ነው። ከስላይዶቹ በአንዱ ርዕሱ ሲነበብ የሚያጽናና ይመስላል። ከታች፣ ከነጥቦቹ ሁሉ መጨረሻ፣ በትንሽ ፊደል ግን የመታት ቁራጭ 1,920 ኪዩቢክ ኢንች፣ በሙከራ የተፈተሸው ደግሞ 3 ኪዩቢክ ኢንች መሆኑ ተጽፏል። 640 እጥፍ! አደጋውን የመረመረው ቦርድም ከባድ የቴክኒክ ጉዳይ በሪፖርት ፈንታ በስላይድ መቅረቡን በስም ጠቅሶ ነቅፏል። ለአደጋው ምክንያቱ ስላይድ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ያ ቁጥር ርዕስ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። እኛም ቤት የሰው ሕይወት ነው ያለው።

ስለዚህ አሁን ርዕሴ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «የጓንት አጠቃቀም» አልልም፤ «ጓንት ማድረግ እጅ መታጠብን አይተካም» እላለሁ። ከስሩ ያንን የሚያሳይ አንድ ነገር፦ ፎቶ፣ ስዕል፣ ወይ ቁጥር። «ስላይድ ሶርተር» የሚለውን ስከፍት ሁሉም ስላይዶች ተደርድረው ይታዩኛል፤ ርዕሶቹን ብቻ በተከታታይ አነባለሁ። ታሪኩ ከተያያዘ ጨረስኩ። ካልተያያዘ እየጎተትኩ አቀያይራለሁ።

በአማርኛ ለምታዘጋጁ ስለ ፊደል የማልደብቃችሁ አለ። ፊደላችን በትንሽ ነገር ነው የሚለያየው። ተ እና ቸን፣ ነ እና ኘን የሚለያቸው ከላይ ያለች ጭረት ናት። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ያችን ጭረት ካላየ ቃሉን አላነበበም ማለት ነው። ስለዚህ እኔ በፊደል መጠን ከ32 በታች አልወርድም። ፓወርፖይንት ጽሑፍ ሲበዛበት ፊደሉን በራሱ እያሳነሰ ሳጥኑ ውስጥ ያስገባላችኋል። ይህን አጥፉት። ጽሑፉ ከሳጥኑ ሲፈስ መቀነስ ያለበት ቃሉ ነው። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» የሚባለው ነፃ ፎንት በሩቅም ጥሩ ይነበባል፤ ራሱን የቻለ ደማቅ ቅርጽም አለው።

ሌላ ኮምፒውተር ላይ የምታቀርቡ ከሆነ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ አስቀምጡት። ከ«ፋይል» ወደ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሴቭ» ውስጥ ገብታችሁ ፎንት አብሮ እንዲቀመጥ የሚያዘውን ምልክት ታደርጋላችሁ። ይህን ባለማድረጌ አንድ ጊዜ መስመሮቼ ሁሉ ተዘበራርቀው፣ ርዕሱ ፎቶው ላይ ወጥቶ ጠብቆኛል። ሰው እየገባ ነበር። እንዳይደርስባችሁ።

ቀለም ላይ ብዙ አልልም። ጥቁር በነጭ ወይም ነጭ በጥቁር ሰማያዊ ይበቃል። ግራጫ በነጭ ላፕቶፕ ላይ ያምራል፣ ፕሮጀክተር ላይ ግን ይጠፋል። ደህናውን በአረንጓዴ፣ አደጋውን በቀይ ብቻ አትለዩ። ሁለቱን ቀለማት መለየት የሚቸገሩ ሰዎች አሉ፤ በተለይ ወንዶች። ቃሉን ራሱን አጠገቡ ጻፉት። ግራፍ ላይም እንዲሁ፣ የመስመሩን ስም ጥግ ላይ ከማስቀመጥ መስመሩ ጫፍ ላይ ጻፉት። ባለ ሦስት ገጽታውን ክብ ግራፍ ተዉት፤ ወደ እኛ ያለው ቁራጭ ከልኩ በላይ ገዝፎ ይታያል። አኒሜሽን? አንድን ሥዕል ደረጃ በደረጃ ለመግለጥ ካልሆነ አልነካውም።

ይህን ሁሉ ለማድረግ የግድ ፓወርፖይንት አያስፈልግም። ጉግል ስላይድስም፣ በነፃ የሚገኘው ሊብረኦፊስ ኢምፕሬስም ማስታወሻ አላቸው። እኔ ፓወርፖይንት ላይ የቀረሁት ፕረዘንተር ቪውን ስለለመድኩትና ሥራ ቦታችን ያሉት ኮምፒውተሮች ላይ ስላለ ነው። ለእኔ ከአምስት አራት ኮከብ ያገኛል። አንዷን ያጎደልኩበት ያችው ባለ ነጥብ ሳጥን ናት። ለጀማሪ ባዶ ስላይድ ቢቀርብለት እመርጣለሁ።

በቅርቡ ያንኑ ስልጠና ስሰጥ ያኔ እጃቸውን ያወጡት አንጋፋ ነርስ መጥተው ነበር። አንድ ሰዓት የሚፈጀው በ35 ደቂቃ አለቀ፤ የተረፈው በጥያቄ ሄደ። ስንወጣ በር ላይ ቆሜ ለሁሉም ወረቀት አደልኩ። «ኖትስ ፔጅስ» በሚለው ስታትሙት ስላይዱ ከላይ፣ ማስታወሻው ከታች ይወጣል። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ገጽ አዩ። «ይኸው፣ ወረቀቱ መጣ» ብለው አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።