ልጅ ፈልጌ ሄጄ የእርግዝና መከላከያ ወግተው ላኩኝ

ገና ትናንት ማታ ነው ከባሕር ዳር የገባሁት። ንዴቱ አልወጣልኝም፤ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ። መብራት ስለጠፋ ወፍጮው ቆሟል፣ ስለዚህ ልጻፈው።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ወፍጮ ቤት አለኝ። እህሉን በብር እፈጫለሁ፣ ሐሜቱ ግን በነጻ ነው የሚፈጨው። ትዳር ከያዝን ሦስት ዓመታችን ነው፤ ልጅ የለንም። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች እኔ ብቅ ስል ዝም ይላሉ፣ ዞር ስል ደግሞ ስለ ባለቤቴ ማህፀን ያወራሉ። እናቴ ሳትቀር ግሽ ዓባይ ጸበል ወስዳ ሰባት ቀን አስጠምቃታለች። ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ተጠምቃ መጣች። ችግሩ ከማን እንደሆነ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከእኔ ነው። ዕድሜዬ 36 ነው። ከዓመት በላይ ሆነው፣ ሰውነቴ አልታዘዝ ካለኝ። አንዳንዴ ጭራሽ እምቢ ይላል፣ አንዳንዴ ጀምሮ መሐል ላይ ይተወኛል። በከተማዬ ሐኪም ቤት እንዳልሄድ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ፋርማሲውም እኔ ጋ ነው የሚያስፈጨው። ስለዚህ ሰው ወደማያውቀኝ ወደ ባሕር ዳር ልሂድ አልኩ።

እንዲህ ያሉትን ቦታዎች ታውቋቸዋላችሁ። ስንፈተ ወሲብ፣ መካንነት፣ ኪንታሮት፣ ጨጓራ፣ ሁሉም በአንድ ሰሌዳ ላይ የተጻፈበት ቤት። ቲክቶክ ላይ ነጭ ጋውን ለብሶ «ወንድሜ፣ አትፈር» የሚለው ሰውዬ። ስሙን አልጽፍም፤ የእሱን ስም ከጻፍኩ የእኔም መውጣቱ አይቀርም።

መጀመሪያ ቀን እንዴት እንደተቀበለኝ ልንገራችሁ። ከወንበሩ ተነሳ። «ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለኝ። በዕድሜ እንደሚበልጠኝ እያየሁ ጋሼ ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ሞኝነቴ እዚያ ላይ ጀመረ። ደብረ ማርቆስ ቀደም ሲል ያስመረመርኩት የዘር ፈሳሽ ውጤት በኪሴ ነበር። በሚሊ ሊትር 24 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ ይላል። አውጥቼ ሰጠሁት። አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ይሄ በጣም ደካማ ነው ጋሼ፤ በዚህ ልጅ አይታሰብም» አለ። አሁን እንደነገሩኝ ዝቅተኛው ልክ 15 ወይም 16 ሚሊዮን ነው። የኔ ደህና ነበር። የደህንነቴን ወረቀት በራሴ እጅ አቀብዬው፣ ታመሃል ሲለኝ አመንኩት።

መርፌ በየ15 ቀኑ፣ አንዱ 2,500 ብር። በላዩ ላይ «ከዕፅዋት የተቀመመ» ካፕሱል፣ 6,000 ብር። ስኳሬን አልለካም። ግፊቴንም አልለካም። ክንዴን እንኳ አልነካም፤ ቂጤን ብቻ ነው የነካው።

ሥራው ግን ሠራ። እውነቱን ልናገር። ካፕሱሉን ስውጥ በሰዓቱ ፊቴ ይግላል፣ አፍንጫዬ ይታፈናል፣ ራሴን ይወጋኛል፤ ከዚያ ሰውነቴ ይታዘዛል። ዕፅዋቱ ኃይለኛ ነው አልኩ! መርፌውም ደረቴን አስነፋኝ፤ ጆንያ ብቻዬን መሸከም ጀመርኩ። ከቡሬ፣ ከኮሶበር፣ ከዳንግላ፣ ከመራዊ መንገድ ጋር ስምንት ጊዜ ተላመድን። አንድ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ መርፌው ሁለት ሳምንት ሲዘገይብኝ እንቅልፍ አጣሁ። ለካ ከሁሉም የጠቀመኝ ያ ሁለት ሳምንት ነው።

አራት ወር ሞላ። ባለቤቴ የወር አበባዋን በየወሩ ታያለች። ሌላም ነገር ነበር፤ ለመጻፍ ያሳፍራል ግን ለአንድ ሰው ይጠቅም ይሆናል። የዘር ፍሬዎቼ ያነሱ መሰለኝ። ለእሷ ስነግራት «በል ተነስ፤ አሁን የመንግሥት ሆስፒታል ነው የምንሄደው፣ እኔም አብሬህ ነኝ» አለች።

ሰኞ ሄድን። ናሙና ሰጠሁ። ውጤቱ ሲመጣ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ላይ ዜሮ አለ። መሙላት ረስተው መስሎኝ ለላብራቶሪዋ ልጅ መለስኩላት። «አልረሳንም፤ ሁለቴ ነው ያየነው» አለችኝ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ በአንዱ 24 ሚሊዮን፣ በአንዱ ዜሮ። «በመሐል ምን ወሰድክ ወንድሜ?» አለኝ። ቫይታሚን አልኩ። እንደዚያ ነበር ያሉኝ። የዚህን ጊዜ ባለቤቴ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ብር የምትቋጥርበት ቦታ። ከውስጡ ባዶ አምፑል አወጣች። አንድ ቀን አጅባኝ ሄዳ ነርሷ ወደ ቅርጫት ስትወረውር ጠርዙ ላይ የቀረችውን አንስታ ኖሯል። ለምን አልነገርሽኝም ስላት «መች ትሰማኛለህ፣ ደረትህን ስትነፋ» አለች።

ሐኪሙ ጽሑፏን ወደ ብርሃን ይዞ አነበበ። ቴስቶስቴሮን።

እንዲህ አድርጎ አስረዳኝ። የዘር ፍሬ ሥራውን የሚሠራው ከአንጎል ሥር ያለች እጢ በምትልከው ትእዛዝ ነው። ሆርሞኑ ከውጭ በመርፌ ሲገባ እጢዋ «ሞልቷል» ብላ ትእዛዙን ታቋርጣለች። የዘር ፍሬውም ሥራ ፈትቶ ይሟሽሻል። ጉልበት ይመጣል፣ ዘር ይጠፋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 በወጣ ጥናት የዓለም ጤና ድርጅት ይሄንኑ መርፌ ለወንዶች የእርግዝና መከላከያ ይሆን እንደሆነ ሞክሮት፣ እንደሚሠራ አሳይቷል አለኝ። ስምንት መርፌ፣ 20,000 ብር ከፍዬ የወንድ መከላከያ!

ካፕሱሉንም የፊቴን መጋልና የአፍንጫዬን መታፈን ሲሰማ «ይሄ ዕፅዋት አይመስለኝም፤ የሲልደናፊል ጠባይ ነው» አለ። ቪያግራ ማለት ነው። የደረት ውጋት መድኃኒት፣ ናይትሬት የሚባለውን የሚወስድ ሰው ሳያውቅ ቢውጠው ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ሰውዬው የልብ መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

በጾም የደሜን ስኳር ለኩ። 218። 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው የሚባለው። በማግስቱ ደግመው ለኩ፣ ያው ነው። ሌሊት ስነሳ የማድረውን፣ ውኃ በጆግ የምጠጣውን፣ የዱቄት ብናኝ ነው ጉሮሮዬን ያደረቀው እል ነበር። ስኳር የደም ሥርንና ነርቭን ይጎዳል፤ ብዙ ወንድ ላይ መጀመሪያ የሚያስታውቀው አልጋ ላይ ነው። መጀመሪያውኑ ስኳሬን ቢለኩልኝ፣ ዘሬ ደህና ስለነበረ አልጋው ላይ ያለውን ችግር አስተካክዬ ይሄኔ አባት ልሆን እችል ነበር።

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሆስፒታሉ በቀጥታ በባጃጅ ወደ ሰውዬው ቤት ሄድን። ይሄን ነው ለመጻፍ የተነሳሁት።

በር ላይ ያለችው ልጅ ማስቲካ እያኘከች ወደ ውስጥ ጮኸች፤ «የስንፈቱ ሰውዬ መጥቷል!» ወንበሩ ላይ ስድስት ወንዶች ተቀምጠዋል። ስድስቱም መሬት መሬት አዩ። አንደኛው በርበሬ የሚያስፈጭ ደንበኛዬ ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከዚህ ድረስ እኔን ሽሽት ነው የመጣ፣ ልክ እንደ እኔ።

ገባን። ከወንበሩ አልተነሳም። ዜሮ ያለበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አምፑሏንም ከጎኑ። አላያቸውም። ካርዴን አወጣና ገለጠ። እኔ ከፊት ለፊት በግልባጩ አነበብኩት፤ በራሱ እጅ የጻፈው የመጀመሪያው መስመር «ትዳር 3 ዓመት፣ ልጅ ይፈልጋሉ» ይላል። እንዳነበብኩ አወቀ። አውራ ጣቱን አምጥቶ «ልጅ» የሚለው ላይ አስቀመጠው። ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው፤ ጥፍሩ ላይ የስታምፕ ቀለም ነበር።

«አንተ የጠየቅከኝ ጉልበት ነው» አለ።

ያ ጋሼ ሲለኝ የነበረው ነው አንተ ያለኝ።

«ጉልበት መጣልህ አልመጣልህም?»

ምን ብዬ መለስኩ መሰላችሁ? ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ፣ ነርሷ ከኋላ ቆማ፣ አስተማሪ እንደጠየቀው ልጅ «መጥቷል» አልኩ።

«ታዲያ!» አለና ካርዱን አጠፈው። ነርሷ በአፍንጫዋ ሳቀች።

ሌሊቱን ሙሉ ያቺን «መጥቷል» ነው ሳመላልሳት ያደርኩት። ጣትህን አንሳ ልለው እችል ነበር። ካርዱን ልቀማው እችል ነበር። ወፍጮ ቤት አንድ ኪሎ ጎደለብኝ ከሚለኝ ሰው ጋር ከተማ እስኪሰማ የምጮህ ሰው፣ እዚያ መጥቷል አልኩ።

ባለቤቴ ናት የተናገረችው። «ብሩን መልስ» አለችው። ደረሰኝ አላችሁ ወይ አለ። የለንም። በቴሌብር ነው የከፈልኩት፣ ለዚያውም ለድርጅቱ ሳይሆን ለሆነች ሴት ስልክ። «እንግዲያው እሷን ጠይቁ» አለና «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ። የበርበሬው ደንበኛዬ ተነሳ። በሩ ላይ ስንተላለፍ ክንዱን ይዤ «መርፌ እንዳትወጋ» አልኩት። ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም፤ ገባ።

ምክር ካላችሁኝ አጭር ነው። ስኳርና ግፊት ሳይለካ መርፌ የሚያነሳ ሰው ጋ አትቀመጡ። የመድኃኒቱን ስም አንብቡ፤ ካላሳያችሁ ውጡ። ዓመት ሙሉ ሞክራችሁ ካልመጣ ባልም ሚስትም አብራችሁ ተመርመሩ፤ ሚስት ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ስድስት ወር ይበቃል። ቴስቶስቴሮን የጀመራችሁ ካላችሁና ልጅ ከፈለጋችሁ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሐኪም አማክሩ።

የእኔ ዘር ይመለስ እንደሆነ ጠየቅኩት ሐኪሙን። አብዛኛው ሰው ይመለስለታል፣ ግን ስድስት ወርም፣ ዓመትም፣ ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል አለ። በሦስት ወር ተመልሼ እቆጠራለሁ። የስኳር ኪኒን ጀምሬያለሁ። ለእናቴ ዛሬ ጠዋት ነገርኳት፤ ባለቤቴ እንደገና ጸበል እንደማትሄድ፣ አጥማቂውም ተጠማቂውም ከእንግዲህ እኔ እንደሆንኩ። ዝም አለች። ከዚያ ቡና አፈላችና መጀመሪያ ስኒ ለባለቤቴ ቀዳችላት።

አምፑሏ አሁንም ነጠላው ጫፍ ላይ ናት። ጣያት ብላት እምቢ አለች።

መብራት መጣ። ወረፋ የያዙ አሉ፣ ልሂድ።